ፋይል ከማጠራቀም ጥያቄ መጻፍ፦ በቴሌግራም አብሮ የማጥናት አሠራር

የየትኛውንም ዲፓርትመንት የቴሌግራም ግሩፕ ብትከፍቱ የምታገኙት ተቀራራቢ ነው፦ ሃንድአውት፣ ስላይድ፣ ሲኒየሮች የተዉት ሾርት ኖት፣ ዓመቱ ያልተጻፈበት የድሮ ፈተና። ፋይሉ ይወርዳል፣ ስልኩን ይሞላል፣ ሳይከፈት ፋይናል ይደርሳል። እኔ የማምነው ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በራሱ እጅ የሠራው አንድ ገጽ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ክምር እንደሚበልጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ራስን መፈተን ደጋግሞ ከማንበብ እንደሚሻል በቁጥር ያሳያል። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ሁለቴ ያነበቡት 42 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። ከ5 ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ብልጫው ደጋግመው ያነበቡት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ተማሪ «አሁን ገባኝ» ብሎ የሚተማመነውና ቆይቶ የሚጠፋበት ከዚህ የተነሣ ነው። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፒርዋይዝ የሚባል ሥርዓት ተሠርቷል፤ ተማሪዎች የምርጫ ጥያቄ ይጽፋሉ፣ የጓደኞቻቸውን ይሠራሉ፣ ጥራቱንም ይመዝናሉ። ይኸው ሐሳብ በስልክና በቴሌግራም ብቻ ይሠራል።

መጀመሪያ ሰው ምረጡ። ለመላው ባች ግሩፕ ከፍቶ «ሁላችሁም ላኩ» ማለት ውጤት የለውም፤ እያንዳንዱ ሌላው እስኪልክ ይጠብቃል። አዘጋጆቹ ከ5 እስከ 8 ይሁኑ፣ በአንድ ኮርስም ይጀምሩ። ጎበዞቹን ብቻ አትሰብስቡ። ኮርሱ የከበደው ልጅ የት ቦታ እንደሚያደናግር ከማንም በላይ ያውቃል፤ ጥሩ ጥያቄ የሚወጣውም ከዚያ ቦታ ነው።

ቀጥሎ ምዕራፍ ተከፋፈሉ። ተመራቂዎች ከሆናችሁ መነሻችሁ የዲፓርትመንታችሁ የመውጫ ፈተና ብሉፕሪንት ይሁን። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተዘረጋ ሲሆን ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ በብሉፕሪንቱ ካለ ቀደም ባሉት ዓመታት የተማራችሁትን ኮርስ ጭምር ማንሣት ግድ ይላል። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ጸሐፊና አንድ አራሚ መድቡ።

ዋናው ሥራ ጥያቄው ላይ ነው፤ እዚህ አትቸኩሉ። ከኢኮኖሚክስ መግቢያ አንድ እንውሰድ። «ዲማንድ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሽምደዳን ብቻ ይፈትናል። እንዲህ ቢሆንስ፦ «የበርበሬ ዋጋ ጨምሮ ሸማቹ የሚገዛው መጠን ቢቀንስ፣ የዲማንድ ኩርባው ምን ይሆናል?» የመጀመሪያው ምርጫ «ወደ ግራ ይሸሻል»፣ ሁለተኛው «ባለበት ሆኖ በላዩ ላይ ያለው ነጥብ ይንቀሳቀሳል»፣ ሦስተኛው «ወደ ቀኝ ይሸሻል» ይበል። መልሱ ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚስተው ግን የመጀመሪያውን መርጦ ነው። የተሳሳቱት ምርጫዎች የክፍል ጓደኞቻችሁ በእርግጥ የሚሳሳቱትን ስሕተት መያዝ አለባቸው። ማንም የማይመርጠው ምርጫ ቦታ ከመሙላት በቀር አይጠቅምም።

ከዚያ ማብራሪያ ይጻፍ፦ «ኩርባውን የሚያሸሸው የገቢ፣ የሌላ ዕቃ ዋጋ ወይም የፍላጎት ለውጥ ነው። የራሱ የበርበሬው ዋጋ ሲለወጥ ኩርባው አይነቃነቅም።» ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ማብራሪያውን ግን ዶርም ውስጥ በምትነጋገሩበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ አድርጉት። በሰው ቋንቋ የተማረውን በራሱ ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ተማሪ በእርግጥ ገብቶታል።

አራሚው መልሱን ሳያይ ጥያቄውን ይሥራ። ከጸሐፊው ጋር ካልተስማሙ መጽሐፉ ይከፈት፤ ገጹም ከማብራሪያው ሥር ይመዝገብ። ጥያቄውን ቻትጂፒቲ ካወጣላችሁም ይኸው እርማት አይቅርበት፤ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

አሁን ወደ ሰፊው ግሩፕ ይለጠፍ። ቴሌግራም ላይ ፖል ከሚለው ገብታችሁ ኩዊዝ ሞድን አብሩ፤ ትክክለኛውን ምልክት አድርጉ፣ ማብራሪያውን ከሥሩ አስገቡ። ቦታው 200 ፊደል ብቻ ስለሚይዝ አሳጥሩ። አኖኒመስ የሚለው እንደበራ ይቆይ፤ ስሙ የሚታይበት ከሆነ እርግጠኛ ያልሆነ ተማሪ አይነካውም። በቀን አምስት ጥያቄ ይበቃል። ሰው ሠርቶ ሲጨርስ ስንት በመቶው የትኛውን እንደመረጠ ይታያል፤ ብዙው በተሳሳተበት ላይ አንዳችሁ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ቀድታችሁ ላኩ። ድምፅ ከቪዲዮ ይልቅ ለዳታ ይቀላል። ፋይል በራሱ እንዳይወርድ ማጥፋትን ለአባላት አሳዩ፤ የብዙ ተማሪ ጥቅል የሚያልቀው በዚያ ነው።

የማይለጠፍም አለ። የአሳይመንት መልስና ሾልኮ የወጣ ፈተና ከግሩፑ ይውጣ፤ አንዱ ብቻ ቢገኝ የሁላችሁም ድካም በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። የመምህሩን ስላይድ ከማሰራጨታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩም አይዘንጋ። በራሳችሁ አነጋገር የጻፋችሁት ጥያቄ ግን የእናንተው ነው።

ኩዊዙ በወሬ መሀል ስለሚጠፋ፣ የታረመውን ጥያቄ ሁሉ በምዕራፍ ለይታችሁ ጉግል ዶክስ ላይ አኑሩ፤ የማረም ፈቃድ ለአዘጋጆቹ፣ የማየት ፈቃድ ለሁሉም። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ግቢ ከመስመር ውጭ እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ከታች ባች ለሁለት ተማሪዎች የማረም ፈቃድ ስጧቸው፤ መምህሩ መጽሐፍ ሲቀይር የገጽ ቁጥሩን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው።