ስንት ጠብታ ነዳጅ ውሃን ያበላሻል? የመጠጥ ውሃ ገደብ አወሳሰን

በአርሲ ደጋ ነዳጅ የመኪና መንገድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) እ.ኤ.አ. በ1967 ከተቋቋመ ወዲህ ዘመናዊ እርሻ በተስፋፋበት በዚህ የስንዴ አገር ትራክተሩም ኮምባይነሩም በናፍጣ ይሠራሉ፤ ናፍጣውም በበርሜል እስከ ማሳው ዳር ይደርሳል። ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ሳጉሬን ለምሳሌ የመረጥናት ውሃዋ ተበክሏል ለማለት አይደለም፤ መንገድ፣ እርሻና የውሃ ምንጭ የሚጎራበቱባቸውን የወረዳ ከተሞቻችንን ስለምትወክል ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመረምራለን። የመጠጥ ውሃ ከዚህ በላይ ነዳጅ ሊኖርበት አይገባም የሚባለው ቁጥር ከየት ይመጣል? አፍንጫችንስ ቁጥሩን ሊተካ ይችላልን?

ነዳጅ በውሃ ውስጥ

ነዳጅ በመቶዎች የሚቆጠሩ የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሕዶች ድብልቅ ነው። አብዛኞቹ በውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሙም፤ ከውሃ ስለሚቀሉም ይንሳፈፋሉ። በአንጻሩ ቤንዜን፣ ቶሉዊን፣ ኤቲልቤንዜንና ዛይሊን የተባሉት አራቱ የተሻለ የመሟሟት ጠባይ አላቸው። ቤንዜን የምንለው ውሕድ ከማደያ የምንቀዳው ቤንዚን አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። ቤንዜን በቤንዚን ውስጥ በጥቂት መጠን የሚገኝ፣ የደም ካንሰር በማስከተል የታወቀ ውሕድ ነው። በናፍጣ ውስጥ ያለው መጠን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

ገደቡ እንዴት ይሰላል?

የዓለም ጤና ድርጅት ለቶሉዊን ያወጣውን ገደብ ደረጃ በደረጃ እንከተል። በአይጦች ላይ በተደረገ የ13 ሳምንት ጥናት መጠነኛ የጉበት ጉዳት የታየው ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 312 ሚሊ ግራም ሲሰጥ ነበር። ቶሉዊኑ የተሰጠው በሳምንት 5 ቀን ብቻ ስለነበር፣ መጠኑ በ5 ተባዝቶ ለ7 ሲካፈል 223 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሰው ከአይጥ፣ ሰውም ከሰው ስለሚለይ፣ ጥናቱም አጭር ስለነበረና ጉዳት በታየበት መጠን ላይ ስለተመሠረተ፣ ውጤቱ ለ1,000 ይካፈላል፤ 223 ማይክሮ ግራም ይቀራል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በቀን 2 ሊትር ይጠጣል፣ ከሚፈቀድለት መጠንም 10 በመቶው ብቻ በውሃ በኩል ይመጣል ብለን ስንነሣ፣

223 × 60 × 0.1 ÷ 2 = 669

እናገኛለን። ይህ ተጠጋግቶ በሊትር 700 ማይክሮ ግራም ተባለ። ይሁንና በስሌቱ ውስጥ 10 ኪሎ ግራም የሚመዝንና በቀን 1 ሊትር የሚጠጣ ሕፃን ብናስገባ ውጤቱ ወደ 223 ይወርዳል። ስለዚህ ገደብ የሚለካ ብቻ ሳይሆን፣ ማንን እንጠብቅ የሚል ውሳኔም ያለበት ቁጥር ነው።

ለቤንዜን መንገዱ ይለያል፤ ካንሰር አምጪ ስለሆነ ፍጹም ከአደጋ ነፃ የሆነ መጠን አለው ተብሎ አይታሰብም። የድርጅቱ ገደብ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ይህን ውሃ ዕድሜ ልካቸውን ከሚጠጡ 100,000 ሰዎች መካከል አንድ ተጨማሪ ሰው በካንሰር ሊያዝ ይችላል የሚል ግምት አለበት። የአሜሪካ ገደብ 5፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 1 ማይክሮ ግራም ነው።

አፍንጫ የማይደርስበት

ቶሉዊን በውሃ ውስጥ ከ24 እስከ 170 ማይክሮ ግራም ሲደርስ ይሸታል። ገደቡ 700 ስለሆነ አፍንጫ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። ቤንዜን ግን የሚሸተው በሊትር 10,000 ማይክሮ ግራም ገደማ ሲደርስ ነው፤ ይህም የገደቡ 1,000 እጥፍ ነው። እንግዲህ የሚሸት ውሃ ወዲያውኑ ሊዘጋ ይገባል፤ የማይሸት ውሃ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

መጠኑን በምናውቀው ዕቃ እንለካው። 1 በመቶ ቤንዜን ያለበት 1 ሊትር ቤንዚን 750 ግራም ያህል ስለሚመዝን 7.5 ግራም ቤንዜን ይይዛል። ይህ ሳይተን ሙሉ በሙሉ ቢሟሟ 750,000 ሊትር ውሃን እስከ 10 ማይክሮ ግራም ያደርሳል። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ሲቆጠር 37,500 ጄሪካን ነው።

የሃዋይ ትምህርት

የአርሲ ደጋ እንደ ሃዋይ ደሴቶች ሁሉ የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። እንዲህ ያለው ዐለት በተሰነጠቀበት ቦታ የፈሰሰውን ሁሉ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ በፍጥነት ሊያደርስ ይችላል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2021) በሃዋይ፣ ሬድ ሂል በተባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ማከማቻ የፈሰሰ የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ መጠጥ ውሃ ጉድጓድ ገባ። መሥመሩ 93,000 ለሚሆኑ ሰዎች ውሃ ያቀርብ ነበር። ነዋሪዎች ችግሩን ያወቁት ከቧንቧቸው በወጣው የነዳጅ ሽታ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችም ቤታቸውን ለቀው ለመውጣት ተገደዱ። ባለጠጋ አገርም ቢሆን ከውሃ ምንጭ በላይ ነዳጅ ካከማቸ፣ ገደብ ማውጣቱ ብቻውን አያድነውም።

ከቁጥር ወደ ተግባር

ጥቂት ማይክሮ ግራም ቤንዜንን የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የተባለው መሣሪያ ውድ ነው፤ በየወረዳው እንዲኖር መጠበቅም አይቻልም። ስለሆነም ገደቡ ወደ ቀላል ደንብ መተርጎም አለበት። የነዳጅ ታንከርና በርሜል ከምንጭና ከጉድጓድ ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል ይቀመጥ። የውሃ መሳቢያ ጀኔሬተር ፍሳሹን በሚያስቀር የሲሚንቶ ገንዳ ላይ ይቁም። ማደያዎች የተቀበሉትንና የሸጡትን በታንከሩ ውስጥ ከቀረው ጋር በየዕለቱ ያመሳክሩ፤ የጎደለው ሊትር የት እንደገባ መጠየቅ አለበት። የውሃ ናሙናም ሽታ ሳይጠበቅ በየጊዜው ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። የተበከለን ውሃ ማፍላት መፍትሔ አይደለም፤ ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ቤንዜኑን ግን በእንፋሎት ወደ ማድ ቤቱ አየር ይለቅቀዋል። በክሎሪን ማከምም ነዳጁን አያስወግድም።

ከቦኖ ውሃ የምትቀዳ እናት 10 ማይክሮ ግራምን በዓይኗ ልታየው፣ በአፍንጫዋም ልታሸተው አትችልም። ስለዚህ መለካቱና መጠበቁ የእርሷ ሳይሆን ነዳጁን የሚያከማቹትና ውሃውን የሚያቀርቡት ወገኖች ኃላፊነት ነው።