ይቅርታ ከተባለ በኋላ

መንግሥት ለቆየ በደል የሚሰጠው ምላሽ ብዙውን ጊዜ ሦስት ደረጃ አለው፤ ይቅርታ፣ ምርመራና ካሳ። የአየርላንድን ታሪክ ብናይ ከሦስቱ ከባዱ የመጨረሻው መሆኑን እንረዳለን። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የድሃ ልጆች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወደ አዳሪ ተቋማት ይላኩ ነበር። ተቋማቱን በአብዛኛው የሚያስተዳድሩት የካቶሊክ ገዳማውያን ማኅበራት ነበሩ። በልጆቹ ቁጥር ልክ ገንዘብ የሚከፍለውና የመቆጣጠር ግዴታ የነበረበት ግን መንግሥት ነው።

በግንቦት 1999 ጠቅላይ ሚኒስትር በርቲ አኸርን በእነዚህ ተቋማት በልጆች ላይ ስለደረሰው በደል በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ቀጥሎ የተቋቋመው ኮሚሽን በ2009 ባወጣው ባለ አምስት ቅጽ ሪፖርት፣ ድብደባው ሥርዓት ሆኖ እንደነበር፣ በወንዶች ተቋማትም ወሲባዊ ጥቃት ተንሰራፍቶ እንደነበር አረጋገጠ።

ካሳውን የሚወስን ቦርድ በ2002 በወጣ ሕግ ተቋቋመ። ከ15,000 በላይ ሰዎችም ተከፈላቸው። ሆኖም ገንዘቡን የተቀበለ ሰው በፍርድ ቤት የመክሰስ መብቱን መተው ነበረበት። ስለ ካሳው ሲናገር የሌሎችን ማንነት የሚጠቁም መረጃ ካወጣ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቀዋል። የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን ሲናገር መጠንቀቅ ያለበት ራሱ የተወጋው ሆነ። በዚያው ዓመት ከማኅበራቱ ጋር የተፈረመው ስምምነት የእነርሱን ድርሻ 128 ሚሊዮን ዩሮ ላይ ሲገታው፣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሆነው አብዛኛው ወጪ በግብር ከፋዩ ላይ ወደቀ።

ካሳ ሲታወጅ ማን ይገባዋል የሚል ዝርዝር አብሮ ይወጣል። በማግዳሊን የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ያለ ደመወዝ የሠሩ ሴቶች በ2002ቱ ዝርዝር አልገቡም፤ ቤቶቹ የግል ናቸው ተባለ። በ2013 የወጣው ሪፖርት ግን እንዴት እንደገቡ ከታወቀው ሴቶች ሩብ ያህሉን ያስገባቸው መንግሥት እንደሆነ ገለጸ። ሪፖርቱ በወጣበት ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒ ይቅርታ ጠየቁ፤ ለሴቶቹም የተለየ ክፍያ ተፈቀደ።

በ2021 ደግሞ ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች ይገቡባቸው በነበሩት የእናቶችና የሕፃናት ማቆያዎች የነበሩትን ሁሉ መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ። በ2024 የተከፈተው የክፍያ ፕሮግራም ግን በልጅነታቸው ከስድስት ወር በታች በዚያ የቆዩትን አያካትትም። አምስት ወር የቆየ ሕፃን ይቅርታው ይደርሰዋል፤ ካሳው አይደርሰውም።