የቦይለር ውሃ ስንት ዲግሪ ይሁን?

ቤታችን ቦይለር የገባ ሰሞን መዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዙረን ነበር የምንታጠበው። ታናሽ እህቴ እጇን የተቃጠለችው ያኔ ነው። ለመሆኑ ውሃው ስንት ዲግሪ ነበር? ማናችንም አናውቅም፤ ጋዜጠኝነት እማራለሁ የምለው እኔ እንኳ አልጠየቅኩም።

ቦይለር ውስጥ ቴርሞስታት የሚባል መቆጣጠሪያ አለ። ውሃው የተወሰነለት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ያገናኛል። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ ክፉኛ ያቃጥላል፤ 49 ላይ ግን ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ይብሳል።

«ታዲያ 40 ላይ አድርገን እንገላገላ!» ትሉ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ችግሩ ሳንባን የሚያጠቃው ሌጂዮኔላ የተባለ ባክቴሪያ በተለይ የሚራባው ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጋኑ ውስጥ 60 ይሁን፤ መቀዝቀዝ ያለበት ቧንቧው ጋ ሲደርስ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተደባልቆ ነው። ሙቀቱን ራሱ የሚመጥን ማደባለቂያ ከተገጠመ እሰየው። ከሌለ ቀዝቃዛውን አስቀድሞ መክፈት፣ ከዚያ ሙቁን መጨመር፣ ልጅ ከመግባቱ በፊት በክርን መሞከር።

እኛ ቤት አሁን የሙቁ መክፈቻ ላይ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። የለጠፈችው እህቴ ናት።