የሥራ አጥነት አበል እንዴት ይሰላል?



ከመካከላችን ብዙዎቻችን አሜሪካ የሚኖር ዘመድ አለን። ያ ዘመድ ሥራውን ሲያጣ «መንግሥት ይከፍለው የለም?» ይባላል። በእርግጥ ይከፈለዋል። ስንት የሚለውን ለማወቅ ግን ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ማካፈል ይበቃል።

በአሜሪካ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱ ቀመር አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የካሊፎርኒያን እንመልከት።

1. የሚቆጠረው ጊዜ፦ ዓመቱ ሦስት ሦስት ወር ባላቸው አራት ሩቦች ይከፈላል። ከማመልከቻው በፊት ከተጠናቀቁት አምስት ሩቦች የቅርቡ ይቀርና የቀደሙት አራቱ ይያዛሉ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ያመለከተ ሰው የሚቆጠርለት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2023 ያገኘው ደመወዝ ነው።

2. የሳምንቱ አበል፦ ከአራቱ ከፍተኛው የሩብ ዓመት ደመወዝ፣ ግብር ሳይቀነስ፣ ለ26 ይካፈላል። ለምን ለ26? አንድ ሩብ ዓመት 13 ሳምንት ነው። ለ13 ብናካፍል የሳምንት ደመወዝ፣ ለ26 ስናካፍል ግማሹን እናገኛለን። ደመወዛቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ሠንጠረዡ ጥቂት ይለያል። አበሉ ከ40 ዶላር አያንስም፣ ከ450 ዶላር አይበልጥም።

ምሳሌ፦ በሦስት ሩቦች 7,800፣ በአንዱ 9,100 ዶላር ያገኘ ሠራተኛ፦ 9,100 ÷ 26 = 350 ዶላር በሳምንት።

3. የክፍያው ርዝመት፦ በመደበኛው ሥርዓት ቢበዛ 26 ሳምንት ነው። ጠቅላላ ክፍያው ግን ከአራቱ ሩቦች ደመወዝ ድምር ግማሽ አይበልጥም። በአንድ ሩብ 9,100፣ በሌላው 2,600 ዶላር ብቻ ያገኘች ሠራተኛም የሳምንት አበሏ 350 ዶላር ነው። የደመወዟ ድምር 11,700፣ ግማሹ 5,850 ስለሆነ ክፍያው 17 ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ያልቃል።

አበሉን የሚያገኘው ያለ ጥፋቱ ሥራ ያጣና ሌላ ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት አይከፈልም። በእጅ የተከፈለና ያልተመዘገበ ገንዘብ በመዝገቡ ላይ አይታይም። በግሉ የሚሠራ ሰውም በአብዛኛው በዚህ ሥርዓት አይሸፈንም።

ወላጆች ሆይ፣ የቤት ኪራዩ ሳይቀንስ ገቢው በግማሽ የወረደበት ዘመድ እንደ ድሮው ገንዘብ ባይልክ ረስቶን ነው አንበል። ደውለን «እንዴት ሰነበትክ?» እንበለው።

ተማሪዎች፣ ይህን ሥሩ፦ ከፍተኛው የሩብ ዓመት ደመወዙ 20,000 ዶላር የሆነ ሰው በሳምንት ስንት ያገኛል? አካፍላችሁ ስትጨርሱ ጣሪያውን አትርሱ።