ከእብድ ውሻ ንክሻ በኋላ ያለው ጊዜ

በሽታን ለመከላከል አስቀድሞ ምልክቱን ማወቅ ይገባል ይባላል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ከሌሎች የሚለይበት ነገር አለው። ይኸውም ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የታመነ መድኃኒት የሌለው መሆኑ ነው። ታማሚው ውሃ ሊጠጣ ሲል ጉሮሮው ይኮማተራል፤ ነፋስ ያስደነግጠዋል፤ ይቃዣል፤ በጥቂት ቀኖችም ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ ፈጥነን ልናውቀው የሚገባን ሕመሙን ሳይሆን ንክሻውን ነው።

በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል። በንክሻ ወይም ቁስል ሲላስ ወደ ሰው ገብቶ ነርቭን እየተከተለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ ራሱን ወይም ፊቱን የተነከሰ ግን ፈጥኖ ሊታመም ይችላል። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. (በ1885 እ.ኤ.አ.) ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ የከተበው በዚሁ መካከል ባለው ጊዜ ተጠቅሞ ነው፤ ልጁም ዳነ።

በጭሮም ሆነ በሂርና፥ በገለምሶም ሆነ በሚኤሶ ውሻ ቤትንና ከብትን ይጠብቃል። ሰው ሲነከስ ግን ሥር ወደሚያጠጣ ባለመድኃኒት የሚሄደው ጥቂት አይደለም። አንድ የሰፈራችን አባት፥ «በዚህ ሥር ስንቱ ሲድን በዓይኔ አይቻለሁ» ሲሉ ሰምቻለሁ። እኒህ አባት አልዋሹም። ነገር ግን የነከሰ ውሻ ሁሉ እብድ አይደለም፤ በእብድ ውሻ የተነከሰም ሁሉ አይታመምም። ሥሩን ጠጥቶ የዳነው ሰው ሳይጠጣም ይድን ነበር። ቫይረሱ የገባበት ግን በሥሩ ተማምኖ ሲቀመጥ ጊዜው ያልፍበታል።

ጠባዩ የተለወጠ፥ ያለ ምክንያት የሚነክስ፥ ለሃጩ የሚዝረበረብ፥ መዋጥ የሚያቅተው ውሻ ያጠራጥራል። ሳይናከስ በጨለማ ጥግ የሚደበቅም አለ።

ታዲያ የተነከሰ ሰው ምን ያድርግ?

1ኛ፤ ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ።

2ኛ፤ አመድ፥ በርበሬ ወይም ቅጠል አያድርግበት።

3ኛ፤ መንገዱ ቢርቅም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ክትባቱ በቀጠሮ የሚሰጥ ስለ ሆነ «ደኅና ነኝ» ብሎ አያቋርጥ።

4ኛ፤ ውሻው ያለ አደጋ ሊታሰር ከተቻለ 10 ቀን ይጠበቅ። እስከዚያ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፥ በነከሰ ጊዜ በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ክትባቱን ለመጀመር እነዚህን ቀኖች አይጠብቅ።

ከሁሉም የሚሻለው ውሾቻችንን ማስከተብ ነው፤ ሰው ይህን በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ከውሻ ነውና።

ውድ ወላጆች ሆይ፥ ልጆች ቁጣ ፈርተው ንክሻን ይደብቃሉ። እንግዲህ «ለምን ነካኸው?» ከማለታችሁ በፊት ውሃና ሳሙና አምጡ።