ቮልስዋገን በ17 ሳንቲሜትር፦ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና አሠራር

ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና የእውነተኛ መኪና ትንሽ አምሳያ ነው። ክፍሎቹ ተለያይተው በካርቶን ይመጣሉ፤ ሠሪው ይቆርጣቸዋል፣ ይሞርዳቸዋል፣ ይቀባቸዋል፣ ይገጣጥማቸዋል። የጃፓንና የአውሮፓ ፋብሪካዎች ባብዛኛው 1፡24፣ የአሜሪካኖቹ ደግሞ 1፡25 በሚባለው ምጣኔ ይሠራሉ። 1፡24 ሲባል በሞዴሉ ላይ ያለ 1 ሚሊሜትር በመኪናው ላይ 24 ሚሊሜትር ነው። ይህ ቁጥር ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሠሪው ሐሳብ መውጣት የለበትም። ሩብ ሚሊሜትር የወፈረ ቀለም በእውነተኛው መኪና ላይ 6 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የበሩን ጠርዝና የኮፈኑን መስመርም ይደፍናል። ሞዴልን አሻንጉሊት የሚያስመስለው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ውፍረት ነው።

ለዚህ መመሪያ ማሳያ የሆነው ቮልስዋገን ቢትል፣ አዲስ አበባ ላይ ባጭሩ ቮልስ የሚባለው ነው። ታሚያ፣ ሐሴጋዋና ሬቭል ሁሉም በ1፡24 አውጥተውታል። እውነተኛው መኪና 4 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሞዴሉ 17 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ ዓይነት መኪና ስለነበር በኢትዮጵያ ታሪክም ቦታ አለው። ለጀማሪ የሚመረጠው ግን ማመሳከሪያው ስለማይርቅ ነው፤ ዛሬም በየሰፈሩ ቆሞ ይገኛል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ስል መቁረጫ ፒንሳ፣ ስለቱ የሚቀየር ካተር፣ ወረንጦ
• ትንሽ ሞረድና ከ400 እስከ 2000 ቁጥርና ከዚያ በላይ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት
• ቀጭን የፕላስቲክ ሙጫ፣ ሱፐር ግሉ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ
• ፕራይመር፣ ስፕሬይ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ቀጫጭን ብሩሾች
• የወረቀት ፕላስተር፣ ስቴኪኒ፣ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ
• የቀለም ጭስ የሚከለክል ማስክ

ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ይካሄዳል። የስፕሬይ ቀለም፣ የሙጫና የቲነር ጭስ ለሳንባ ጎጂ፣ ለእሳትም ቅርብ ነው።

ደረጃ 1፦ ማጥናትና ማጠብ

ከመቁረጥ በፊት መመሪያው ሙሉ በሙሉ ይነበባል፤ የእውነተኛው መኪና ፎቶም ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን፣ ከውስጥና ከሞተሩ በኩል ይሰበሰባል። ቀጥሎ ክፍሎቹ ከተያያዙበት የፕላስቲክ ክፈፍ ሳይነጠሉ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባሉ። ፕላስቲኩ ከፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚደረገው ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይዝም።

ደረጃ 2፦ መቁረጥና መሞረድ

አንድ ክፍል ከክፈፉ የሚላቀቀው በሁለት ቆረጣ ነው። የመጀመሪያው ከክፍሉ ራቅ ብሎ ይቆረጣል፤ የቀረችው ጉጥ በሁለተኛው ትወገድና በብርጭቆ ወረቀት ትስተካከላለች። ባንድ ጊዜ ተጠግቶ መቁረጥ ፕላስቲኩን ይሸርፋል ወይም ያነጣዋል።

የቅርጽ ማውጫው ሁለት ገጾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር በቦዲው ላይ ይቀራል። ቮልስ ላይ በተለይ የፓራፋንጎዎቹ ጉብታ ይፈተሻል። መስመሩ በካተር ጀርባ ተፍቆ በ600፣ ከዚያም በ1000 ቁጥር ወረቀት በውሃ ይለሰልሳል።

የበሮቹ፣ የኮፈኑና የሞተር ክዳኑ መስመሮች ቀለም ሳይነካቸው በካተር ጀርባ ቀስ እያሉ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጠለቃሉ። ፕራይመር፣ ቀለምና ቫርኒሽ ሲደራረቡባቸው ጥልቀታቸው ይቀንሳል፤ ከተቀቡ በኋላ ማጥለቅ ደግሞ ቀለሙን ያበላሻል። ፓራፋንጎው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት መስመርም እንዲሁ ይደረጋል፤ የቮልስ ፓራፋንጎ በብሎን የሚታሰር የተለየ ክፍል መሆኑ የሚታወቀው በዚህ መስመር ነው።

ደረጃ 3፦ ማጣበቅ

ሁሉም ክፍል ከመጣበቁ በፊት በወረቀት ፕላስተር ተይዞ ይሞከራል። የፕላስቲክ ሙጫ የሁለቱን ክፍሎች ገጽ አሟሙቶ ያዋህዳል፤ ስለዚህ በሚጣበቀው ቦታ ላይ ቀለም ካለ ይፋቃል። ክፍሎቹ ተገጥመው ከተያዙ በኋላ ብሩሹ ስንጥቁን ይነካል፤ ቀጭኑ ሙጫ ራሱ ወደ ውስጥ ይሳባል። ክፍተት ከቀረ በሞዴል ስቱኮ ተሞልቶ ሲደርቅ ይሞረዳል።

ሱፐር ግሉ ለሽቦና ለብረት ይሆናል እንጂ ለመስታወት አይሆንም፤ ጭሱ በግልጹ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ይተዋል።

ደረጃ 4፦ ቦዲውን መቀባት

ለመድረቅ ረጅም ጊዜ የሚወስደው ቦዲው ስለሆነ ቀድሞ ይቀባል፤ እስኪደርቅ ሻንሲው፣ ሞተሩና ውስጡ ይሠራሉ።

መጀመሪያ ፕራይመር በስሱ ይነፋል፤ ተደብቆ የነበረ ጭረት ስለሚታይበት ታርሞ ይደገማል። የስፕሬይ ቆርቆሮው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ቀለሙ ደቀቅ ብሎ ይወጣል፤ የፈላ ውሃ ግን ቆርቆሮውን ሊያፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይሞከርም። እጅ ከቦዲው 20 ሳንቲሜትር ያህል ርቆ ነፊው ከቦዲው ውጭ ይከፈታል፣ ሳይቆም ያልፍበታል፣ ካለፈ በኋላ ይዘጋል። የመጀመሪያው ዙር እንደ ጤዛ ብቻ ይረጫል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እየተጠበቀ ሁለትና ሦስት ስስ ዙር ይጨመራል። በዝናብ ቀን ላከር መንፋት አይመከርም፤ እርጥበት ቀለሙን ያነጣዋል።

የቀለም ዓይነቶች ቅደም ተከተል አላቸው። ላከር ከታች፣ ኢናሜል ከላይ ይሆናል። ኢናሜል ላይ ላከር ቢነፋ ቲነሩ የታችኛውን ይበላና ቆዳው ይሸበሸባል። የተቀባው ቦዲ አቧራ እንዳይነካው በሣጥን ተሸፍኖ ላከር ከሆነ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ኢናሜል ከሆነ ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያ ቫርኒሹ በተመሳሳይ አኳኋን ይነፋል።

ደረጃ 5፦ ማወልወል

የደረቀው ገጽ በብርሃን ሲታይ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከጎረበጠ በ2000 ቁጥርና ከዚያ በላቀ ወረቀት በውሃ ይታሻል፤ በመጨረሻም በመኪና ማወልወያ ክሬም በለስላሳ ጨርቅ ይወለወላል። ሹል ጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ወረቀቱ እነሱን መንካት የለበትም።

ደረጃ 6፦ የኒኬል ጌጦች

ፋብሪካው ክሮም የቀባቸው ክፍሎች ከመጠን በላይ ያብረቀርቃሉ፤ መቁረጫቸውም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ክፍሎቹ በረኪና ውስጥ ቢዘፈዘፉ ክሮሙ ይለቃል፤ ከታጠቡ በኋላ በሞዴል ክሮም ቀለም እንደገና ይቀባሉ።

በበሮቹ ጎን የሚያልፈው ቀጭን ጌጥ ግን በብሩሽ ቀጥ ብሎ አይወጣም። የሚሻለው ሙጫ ያለው ስስ የብረት ፎይል ነው። ከጌጡ ስፋት ሦስት እጥፍ ተደርጎ ይቆረጥና በወረንጦ ሳይሳብ ይጋደማል። በስቴኪኒ ጎን ከመሃል ወደ ዳር ሲታሽ የጌጡ ከፍታ ከታች ብቅ ይላል፤ ጥጡ ደግሞ ሽብሽቡን ይዘረጋል። ከዚያ አዲስ ስለት በጌጡ ግርጌ ላይ፣ ፎይሉን ብቻ እንዲነካ፣ በራሱ ክብደት ያህል ተጭኖ ይሳባል። ትርፉ በወረንጦ ሲነሳ ክር የመሰለ ብረት ብቻ ይቀራል። የደነዘዘ ስለት ፎይሉን ስለሚቀድ ለያንዳንዱ ጎን አዲስ ቢሆን ይመረጣል።

ደረጃ 7፦ ሞተርና ውስጥ

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የለውም። አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ይተኛሉ። ተገጣጣሚው የካንዴላ ገመድ ባይኖረው መጨመር ቀላል ነው፦ 7 ሚሊሜትር የሚወፍር ገመድ ለ24 ሲካፈል 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ይበቃል። በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ላይ በ0.4 ሚሊሜትር የእጅ መሰርሰሪያ አምስት ቀዳዳ ይበሳል፤ ሁለት ገመድ ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ኮይሉ ይሄዳል።

በውስጥ በኩል መቀመጫዎቹ የማያብረቀርቅ ቀለም ይቀባሉ፤ እውነተኛ ፕላስቲክና ቆዳ በዚህ መጠን እንደ ቦዲ አያበራም። በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም በስፌቶቹና በክሩስኮቱ ጉድጓዶች ውስጥ ሲፈስ ጥላ ይሰጣል።

ደረጃ 8፦ ጎማ፣ መስታወትና የመጨረሻው ገጠማ

የጎማው መሬት ነኪ ገጽ በ400 ቁጥር ወረቀት ሲታሽ የፋብሪካው ውልውልታ ይጠፋል፤ አስፋልት የነካ ይመስላል። ሻንሲው ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ተቀምጦ አራቱም ጎማ መንካቱ የሚረጋገጠው ሙጫው ሳይደርቅ ነው።

የመስታወቱ ዙሪያ ላስቲክ ጥቁር ይቀባል። መስታወቱ በነጭ ኮላ ይጣበቃል፤ ኮላው ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ያመለጠውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ቦዲው ሻንሲው ላይ ከተገጠመ በኋላ ፓራውልት፣ ማርሚታ፣ መብራት፣ ፍሬቻና የዝናብ መጥረጊያ ይከተላሉ፤ ቶሎ የሚሰበረው ሁልጊዜ መጨረሻ ይገጠማል።

የአዲስ አበባ ቮልስ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ይጀምራል። 52 ሳንቲሜትር የሚረዝም ታርጋ በሞዴሉ 21.7 ሚሊሜትር ሆኖ ይታተማል። የፖርቶመጋላው ቧንቧ 2 ሳንቲሜትር ከሆነ 0.8 ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይተካዋል። የገጠር መንገድ አቧራ ከተፈጨ ቡናማና ቀይ ጠመኔ ይገኛል፤ በደረቅ ብሩሽ በፓራፋንጎዎቹ ሥርና በመርገጫዎቹ ላይ ብቻ ይነሰነሳል።

ያለቀው ሞዴል የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ በማያገኘው ቦታ፣ ክዳን ባለው ግልጽ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ አቧራ ደግሞ በተጠረገ ቁጥር የተወለወለውን ገጽ ይጭረዋል።