ቢላዋውን በእሳት አሳልፈሽዋል?

በልግ ሲገባ የጓሮ ሥራ ማለት ጎመን መትከል ብቻ ይመስላችኋል? እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። የሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ፤ ቆጮ መብላት እንጂ እንሰት መንከባከብ የት አውቄ! ባለፈው ሚያዝያ ግን ገጠር አያቴ ዘንድ ሰነበትኩ።

ጎመኑ ቀላል ነው። ፍግ ይበተናል፣ ችግኙ ይተከላል፣ በቃ። ትልቁ ጉዳይ እንሰቱ ነው። ለቆጮ እስኪደርስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ አንድ እግር ሲጠፋ የዓመታት ልፋት ነው የሚጠፋው።

አንድ ቀን ቅጠል ቁረጪ ተብዬ ከጎረቤት በተዋስኩት ቢላዋ ሦስት እንሰት ላይ ቆረጥኩ። አያቴ ደነገጠች።

«አንቺ ልጅ፣ ቢላዋውን በእሳት አሳልፈሽዋል?»

አላሳለፍኩም።

የፈራችው የእንሰት አጠውልግ በሽታን ነው። በባክቴሪያ ይመጣል፤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ አግኝተው ገልጸውታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዩጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ታየ። የመሃል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ ፈሳሽ ያዣል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይነካው መከልከል፣ ቢላዋን በእሳት ማሳለፍ ነው ያለው መላ። አያቴ ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም፤ እሳቱን ግን ከእናቷ ነው የተማረችው።

አሁን በየእሑዱ ስደውል ከጤናዋ በፊት የሦስቱን እንሰት የመሃል ቅጠል ነው የምጠይቃት።

«እስካሁን አረንጓዴ ነው» ትለኛለች።